የአንባቢያን ጥያቄ፦ «ሕመሙ ከየት ነው?»

ለዚህ ዕትም ከጅማና ከአካባቢዋ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አራቱ ስለ ነርቭ ሕክምና ሬዚደንሲ (ሐኪም በአንድ ዘርፍ ስፔሻሊስት ለመሆን ሆስፒታል ውስጥ እየሠራ ስለሚወስደው ሥልጠና) የሚጠይቁ ሆነው ስላገኘናቸው አምዱን ሙሉ ለእነርሱ ሰጥተነዋል። መልሱን የጻፉልን ጅማ ውስጥ የሚሠሩ አንድ የነርቭ ሐኪም ናቸው። የጠያቂዎቹን ስም በፈቃዳቸው አላወጣንም።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጠቅላላ ሐኪም ነኝ፤ የምኖረውም የምሠራውም ጅማ ነው። በሚቀጥለው የሬዚደንሲ መግቢያ ፈተና ለመወዳደር እየተዘጋጀሁ ሲሆን ልቤ ያለው ነርቭ ሕክምና ላይ ነው። የሥራ ባልደረቦቼ ግን «በሽታውን ታውቂዋለሽ እንጂ አታድኚውም፤ ደግሞስ ያለ ኤምአርአይ (የአካልን ውስጥ በምስል የሚያሳየው ማሽን) ምን ትሠሪያለሽ?» እያሉ ያስጨንቁኛል። ሥልጠናው ከውስጥ ሲታይ ምን ይመስላል? ሬዚደንቱ ቀኑን በምን ያሳልፋል? (ከቦሳ አዲስ)

መልስ፦ ዶክተር፣ ስለ ቀኑ አስቀድሜ ልንገርዎ፤ ሥልጠናው ምን እንደሚያስተምር የሚታወቀው ከቀኑ አዋዋል ነውና። እኔ በሠለጠንኩበት ጊዜ ዋርድ የምንደርሰው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ገደማ ነበር። ሬዚደንቱ በእርሱ ኃላፊነት ሥር ያሉትን በሽተኞች አንድ በአንድ ያያል፤ ሌሊቱን ያተኮሰው፣ መዋጥ ያቃተው፣ ትናንት እጁን ያነሳ የነበረና ዛሬ ማንሳት የተሳነው የትኛው እንደሆነ ራውንድ (ሐኪሞች አብረው በሽተኞቹን እየዞሩ የሚያዩበት ሰዓት) ሳይጀመር ማወቅ አለበት። ሁለት ሰዓት ላይ ሞርኒንግ የሚባለው የጠዋት ስብሰባ ይገባል፤ ተረኛው ሌሊቱን የተቀበላቸውን በሽተኞች ያቀርባል፣ ሲኒየሮቹም ይጠይቁታል። ከዚያ ራውንድ ይቀጥላል፣ ቀጥሎም የተመላላሽ ክሊኒክ አለ፤ በመሃል ከውስጥ ደዌ፣ ከማህፀንና ጽንስ፣ ከድንገተኛ ክፍል «ይህን በሽተኛ እዩልን» የሚል የኮንሰልቴሽን ወረቀት ይመጣል። ከሰዓት በኋላ የጀርባ ውሃ የሚወሰድላቸው በሽተኞች አሉ፣ የኢኢጂ (የአንጎል ኤሌክትሪክ ሞገድ ምርመራ) ንባብ ትምህርት አለ፣ ማታ ደግሞ ለማግስቱ የሚዘጋጅ ንባብ አለ። የዲዩቲ (የሌሊት ተረኝነት) ተራው የደረሰ እንደሆነ ይህ ሁሉ ያለ ዕረፍት እስከ ማግስቱ ይዘልቃል።

እስከዚህ ያለው ከሌላው ስፔሻሊቲ ብዙ አይለይም። የሚለየው ራውንድ ላይ የሚጠየቀው ጥያቄ ነው። በሕክምና ትምህርት ቤት «በሽታው ምንድን ነው?» እየተባልን አድገናል፤ ነርቭ ሕክምና ውስጥ ግን ከእርሱ ቀድሞ መመለስ ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ፤ እርሱም «ሕመሙ ከየት ነው?» የሚለው ነው። እግሩ የዛለ ሰው ፊትዎ ተቀምጧል እንበል። ችግሩ አንጎል ውስጥ፣ ሕብለ ሰረሰር ላይ፣ ከሕብለ ሰረሰር በሚወጣው የነርቭ ሥር ላይ፣ በነርቩ በራሱ ላይ፣ ነርቩና ጡንቻው በሚገናኙበት ቦታ ላይ ወይም ጡንቻው ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ እያንዳንዱም ቦታ የራሱ ምልክት አለው። ጉልበቱ በመዶሻ ሲነካ እግሩ ከልክ በላይ የሚፈናጠርና ውስጥ እግሩ ሲጫር አውራ ጣቱ ወደ ላይ የሚቃና ከሆነ፣ ጉዳቱ ከአንጎል እስከ ሕብለ ሰረሰር ባለው መንገድ ላይ ነው ማለት ነው፤ መዶሻው ሲያርፍ ምንም የማይንቀሳቀስ ከሆነ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ፍለጋው ወደ ነርቩ ይዞራል። የአውራ ጣቱን ምልክት ፈረንሳዊው የነርቭ ሐኪም ባቢንስኪ ፓሪስ ውስጥ ያሳወቀው እ.ኤ.አ. በ1896 ነው፤ ዛሬም ለዚህ ምርመራ የሚያስፈልገው የመዶሻ እጀታ ወይም የቤት ቁልፍ ብቻ ነው። ቦታው ከታወቀ በኋላ ስለ ጊዜው ይጠየቃል፤ በቅጽበት የመጣ ድካም ወደ ደም ሥር፣ በቀናት ውስጥ የገፋ ወደ ኢንፌክሽን ወይም ወደ ብግነት፣ በወራት የከፋ ወደ ዕጢና ወደ መሳሰሉት ያመለክታል፤ እየመጣ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ የሚጥል በሽታ ወይም ማይግሬን ይታሰባል። ሥልጠናው በዓመታቱ ሁሉ ይህንኑ ሁለት ጥያቄ በሺህ በሽተኞች ላይ መላልሶ መጠየቅ ነው ብል ከእውነቱ አልርቅም።

ይህ ቅደም ተከተል የመምህራን ወግ ብቻ አለመሆኑን የተማርኩት በራሴ ስህተት ነው። የመጀመሪያ ዓመት ሬዚደንት ሳለሁ አንድ ሌሊት እግሮቿ በሁለት ወር ውስጥ ቀስ በቀስ የከዷትን ወጣት እናት ተቀበልኩ። ባሏና ወንድሟ ከቡና አገር ተሸክመዋት የመጡ ናቸው። ደክሞኝ ነበር፤ ድንገተኛ ክፍሉም በሰው ተጨናንቆ ስለነበር የጡንቻዋን ኃይል ብቻ ለክቼ የራስ ሲቲ ስካን አዘዝኩ። ባሏ ያልተለቀመ ቡናውን በርካሽ ሸጦ በያዘው ገንዘብ ከፈለ። ውጤቱ ጤናማ ነበር። በማግስቱ ራውንድ ላይ ሲኒየሬ «ስሜቷ የት ላይ ያቆማል?» ብሎ ጠየቀኝ፤ መልስ አልነበረኝም። እርሱ አዲስ መርፌ አውጥቶ ከእግር ጣቷ ጀምሮ በቀስታ ወደ ላይ እየነካካ ሄደ፤ እምብርቷ ጋ ሲደርስ «እዚህ ጋ ወጋኝ» አለች። ከዚያ ጀርባዋን በጣቱ መታ መታ ሲያደርግ አንዱ አጥንት ላይ ደንግጣ ጮኸች። የአከርካሪ ቲቢ ነበር፤ ሕብለ ሰረሰሯን ተጭኖታል። መድኃኒት ጀመረች፣ ከወራት በኋላም በምርኩዝ እየተደገፈች በእግሯ ወደ ክሊኒኩ መጣች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አልዘገየም ነበር። ያ የራስ ሲቲ ስካን ግን እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም፤ መርፌ ለማንሳት ስላልተጋሁ የአንድ ቤተሰብ የዓመት ቡና በከንቱ ሄዷልና።

ስለዚህ ባልደረቦችዎ «ያለ ኤምአርአይ ምን ትሠሪያለሽ?» ሲሉዎት መልሱ ይኸው ነው። ኤምአርአይን አልንቅም፤ ሬዚደንት ምስል ማንበብን በሚገባ መማር አለበት፣ የሚችል ሆስፒታል ሁሉም ሊኖረው ይገባል። ነገር ግን ማሽኑ የሚያሳየው እንዲያይ ያዘዙትን ቦታ ብቻ ነው። የት እንደሚያይ የሚነግረው የሐኪሙ እጅና ጆሮ ነው። በሽተኛው ከኪሱ በሚከፍልበት አገር ደግሞ ቦታውን በትክክል መለየት ከትምህርት ጥያቄነት አልፎ የቤተሰብ ኑሮ ጥያቄ ይሆናል።

«ጆሮ» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ጅማ ለሚሠራ ሰው ቋንቋ የምርመራው ግማሽ ነው። በሽተኛ ከጅማ ዞን ብቻ ሳይሆን ከካፋ፣ ከዳውሮ፣ ከየም፣ ከኢሉባቦር ይመጣል፤ አፋን ኦሮሞ፣ አማርኛ፣ ካፍኛ፣ ዳውሮኛ የሚናገር ሰው በአንድ ቀን ክሊኒክ ይገጥምዎታል። በአማርኛ «እጄ ደነዘዘኝ» ያለ ሰው ስሜቱ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል፣ ጉልበቱ ዝሎም ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱ ደግሞ የተለያየ መንገድ ናቸው። በአፋን ኦሮሞ ራስን መሳትና የሚጥል በሽታ ከአንድ ሥር በወጡ ቃላት ስለሚጠሩ፣ አስተርጓሚው «ራሱን ስቶ ወደቀ» ብሎ ሲያሳጥርልዎ ዋናው ነገር አብሮ ሊያጥር ይችላል። ስትሮክ (የአንጎል ደም ሥር መዘጋት ወይም መፍሰስ) ንግግሩን የነካበት ሰው የካፍኛ ተናጋሪ ከሆነ በአማርኛ የሚሰጠው መልስ ስለ ሕመሙ ምንም አይነግርዎትም። ስለዚህ ሬዚደንት ከሚማራቸው ነገሮች አንዱ አስተርጓሚን ማሠልጠን ነው፤ «የሚሉትን እንዳለ ንገረኝ፣ አታስተካክልላቸው፣ ትርጉም ከሌለው ትርጉም የለውም በለኝ» ብሎ አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል።

የማስታወስና የማሰብ ምርመራም እንደዚሁ ነው። ከውጭ የመጡት ቅጾች ዓረፍተ ነገር ጻፉ፣ ሁለት የተያያዙ ባለ አምስት ጎን ቅርጾች ሳሉ ይላሉ። እርሳስ ጨብጠው የማያውቁ የሰባ ዓመት እናት ይህን ባያደርጉ የአንጎል በሽታ ምልክት አይደለም። እኔ አብዛኛውን ጊዜ ቡና አፈላልን እጠይቃለሁ። «እናቴ፣ እንግዳ መጣብዎት እንበል፤ ቡናውን ከማጠብ ጀምረው እስከ በረካ ድረስ ይንገሩኝ» እላለሁ። ማጠብ፣ መቁላት፣ መውቀጥ፣ ማፍላት፣ ማስከን፣ መቅዳት፤ ይህን ሁሉ በቅደም ተከተሉ ያለ ስህተት የሚነግሩ እናት ሐሳባቸውን የማቀናጀት ችሎታቸው ደኅና ነው። ሳይቆሉ የወቀጡ፣ ወይም አቦሉን ቀድተው ተመልሰው ወደ ማጠብ የሄዱ እንደሆነ ግን ቁጭ ብዬ አጥብቄ እመረምራለሁ። ጀበናውን፣ ረከቦቱን፣ ሙቀጫውን በስማቸው መጥራት ካቃታቸው ደግሞ ስለ ንግግር ማዕከላቸው ይነግረኛል። ይህን በመጽሐፍ አላገኘሁትም፤ በዋርድ ከአስታማሚዎች ጋር ስነጋገር የተማርኩት ነው።

«አታድኚውም» ለሚለው ደግሞ በቁጥር ልመልስ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የሚጥል በሽታ ካለባቸው ሰዎች እስከ 70 ከመቶ የሚሆኑት በተገቢው መድኃኒት ከውድቀት ነፃ ሆነው መኖር ይችላሉ። ጊላን ባሬ የተባለው በሽታ ሰውን በቀናት ውስጥ ከእግር እስከ መተንፈሻ ጡንቻው ያዝላል፤ ትንፋሹ ካልተቋረጠ ግን አብዛኛው ሰው ተመልሶ ይራመዳል። እዚህ ላይ የሬዚደንቱ ሥራ በየጥቂት ሰዓቱ አልጋው አጠገብ ቆሞ በሽተኛውን በአንድ ትንፋሽ ማስቆጠር ነው፤ ጠዋት እስከ 30 የቆጠረ ሰው ማታ 12 ላይ ካቆመ ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል የሚገባበት ሰዓት ደርሷል። የማጅራት ገትር፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ጡንቻን የሚያዝለው ማያስቴኒያ ግራቪስ፣ ማይግሬን፣ ሁሉም መድኃኒት አላቸው። ስትሮክን በተመለከተ እውነቱን ልንገርዎ፤ የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ሕመሙ ከጀመረ እስከ 4 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ነው፤ ከሩቅ ወረዳ የሚመጣው በሽተኛ ግን ብዙ ጊዜ የሚደርሰው በማግስቱ ነው። ያኔም ቢሆን የሚሠራ አለ። ምግብ ከመሰጠቱ በፊት መዋጥ መቻሉን መፈተን፣ ደም የፈሰሰበት አለመሆኑ ከተረጋገጠ አስፕሪን መጀመር፣ የልቡን ምት መመርመር፣ በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥን ለቤተሰቡ በእጅ ማሳየት፤ ሰው ከስትሮክ ተርፎ በሳንባ ምች ወይም በአልጋ ቁስል እንዳይሞት የሚያደርጉት እነዚህ ናቸው።

ስለ ሐኪሞቹ ቁጥር ደግሞ ይህን ይወቁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ዘገባ፣ ሀብታም በሆኑት አገሮች የነርቭ ሐኪም፣ የነርቭ ቀዶ ሐኪምና የሕፃናት ነርቭ ሐኪም ተደምረው ለ100,000 ሰው መካከለኛ ቁጥራቸው 7.1 ሲሆን፣ ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች 0.1 ነበር። በአገራችን የመጀመሪያው የነርቭ ሕክምና ሬዚደንሲ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፤ ከዚያ በፊት ነርቭ ሐኪም መሆን የፈለገ ሁሉ ባሕር ማዶ መሻገር ነበረበት። በየዓመቱ የትኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች ስንት ሬዚደንት እንደሚቀበሉ ስለሚለያይ፣ ከመምረጥዎ በፊት የዓመቱን ዝርዝር ይመልከቱ። ገንዘቡን በሚመለከት፣ በቀዶ ሕክምና የሚገኘውን አያገኙም፤ ይህን አውቀው ይግቡ።

ከውሳኔዎ በፊት አንድ ሳምንት ፈቃድ ወስደው ነርቭ ክሊኒክ ውስጥ ይቀመጡ። አንድን ታሪክ ለአርባ ደቂቃ እየሰሙ መሰልቸት ከመጣብዎ ሌላ ክፍል ይምረጡ፤ ነውር የለውም። ከታሪኩ መሃል «ቆይ፣ ከመውደቁ በፊት ምን አለ?» ብለው መጠየቅ ካማረዎት ግን የባልደረቦችዎን ምክር ይተውት።

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ አዲስ አበባ የነርቭ ሕክምና ሬዚደንት ነው። ስንደውል አያነሳም፤ ለዒድ እንኳ አልመጣም። ሲመጣም ይተኛል እንጂ እንደ ድሮው አይጫወትም። እናታችን «ተማረና ናቀን» ብላ ታዝናለች። እኔ ደግሞ ታሞ ይሆን ብዬ እሰጋለሁ። ምን እናድርግ? (ከህርማታ መርካቶ)

መልስ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ ለእናትዎ ይህን ያንብቡላቸው። ወንድምዎ አልናቃችሁም። ተረኛ በሆነበት ሌሊት ምን እንደሚሠራ ልንገራችሁና ራሳችሁ ፍረዱ። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ሲንቀጠቀጥ ግማሽ ሰዓት ያለፈው ልጅ ይመጣለታል። ከአምስት ደቂቃ በላይ የዘለቀ መንቀጥቀጥ አንጎልን ሊጎዳ ስለሚችል መድኃኒቱን በደም ሥር እየሰጠ፣ ትንፋሹን እየጠበቀ፣ ስኳሩን እየለካ፣ አባትየውን እያጽናና ይቆያል። ልጁ ሲረጋጋ ከሌላ ክፍል ይጠራል። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ለአንዲት ሚስት ባሏ እንደማይነቃ መንገር ይኖርበታል፤ ይህን የሚነግረው ብዙ ጊዜ በዋርዱ ውስጥ በዕድሜ ትንሹ ሐኪም ነው። ጠዋት ደግሞ ያንን ሁሉ በሥርዓት ጽፎ በሲኒየሮች ፊት ይቆማል። ከዚያ በኋላ ስልኩን ሲያይ የእናቱ አምስት ጥሪ አለ። መልሶ ቢደውል ድምፁ እንደሚሰበር ስለሚያውቅ «ነገ እደውላለሁ» ብሎ ይተኛል። እኔም የእናቴን ስልክ እንዲህ ያሳለፍኩባቸው ቀናት ነበሩ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ለበሽተኞቻችን የምንነግራቸው የመጀመሪያ ነገር እንቅልፍ እንዳያጡ ነው፤ እንቅልፍ ማጣት የሚጥል በሽታን እንደሚቀሰቅስ፣ ማይግሬንን እንደሚያከፋ በደንብ እናውቃለን። የሬዚደንት አንጎልም ከዚያው ሥጋ የተሠራ ነው። የተኛ ልጃችሁ የሰለቻችሁ ሳይሆን ያጣውን እንቅልፍ የሚከፍል ሰው ነውና አትቀስቅሱት። «መቼ ትመጣለህ?» ከማለት ይልቅ «ደህና ነን፣ መልስ አትጠብቅ» የሚል አጭር መልእክት ላኩለት። የዲዩቲ ፕሮግራሙን በየወሩ ፎቶ አንስቶ እንዲልክላችሁ ጠይቁት፤ ዒድ ላይ ተረኛ መሆኑን እናትዎ ከወር በፊት ቢያውቁ እንዲህ አያዝኑም ነበር። ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ካገኛችሁም ጭኮ ላኩለት። ሳይበላሽ ይሰነብታል፣ ማሞቅ አያስፈልገውም፣ በሁለት በሽተኛ መካከል ቆሞ ሊበላው ይችላል፤ ከሁሉም በላይ ከእናቱ እጅ የወጣ ነው።

ይሁንና ስጋትዎን አላጣጥልም። የዕረፍት ቀኑ ሆኖም እንቅልፍ ከራቀው፣ ምግብ ካስጠላው፣ ሕክምናን ይወድ የነበረው ልጅ «ምንም ዋጋ የለኝም» ማለት ከጀመረ፣ ያ ድካም ብቻ አይደለም። እንዲያ ከሆነ ሳይውል ሳያድር ሄደው አጠገቡ ይቀመጡና የአእምሮ ሐኪም እንዲያይ በግልጽ ይንገሩት። ስለ ሞት የሚያወራ ከሆነ ደግሞ ብቻውን አትተዉት። ሐኪም ስለሆነ ራሱን ያውቃል ብላችሁ አትለፉት፤ የራሱን ሕመም ዘግይቶ የሚያየው ሐኪም ነው።

ጥያቄ፦ ኢንተርን (የሕክምና ትምህርቴን ለመጨረስ ሆስፒታል ውስጥ የምለማመድ) ነኝ። የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ሰዎች ቤተሰቦቻቸው ክብሪት ጭረው ሲያሸቷቸው፣ መድኃኒት አስቋርጠው ወደ ጸበል ሲወስዷቸው አያለሁ። አንዳንድ ሐኪሞች አስታማሚዎቹን ይቆጧቸዋል። በነርቭ ሕክምና ሬዚደንሲ ውስጥ ይህን እንዴት መያዝ እንዳለበት ይማራሉን? (ከጅማ)

መልስ፦ ይማራሉ፤ ቢያንስ መማር አለባቸው። በዚህ ጉዳይ ሬዚደንት ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ የአገራችን ሥራ አለ። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በገጠር ቤት ለቤት እየዞሩ ከ60,820 ሰዎች መካከል 316 የሚጥል በሽታ ያለባቸውን አግኝተዋል፤ ከ1,000 ሰው 5.2 መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ከታተመው ከዚህ ጥናት እኔን ሁልጊዜ የሚያስደነግጠኝ ሌላው ግኝት ነው፤ ከታማሚዎቹ መካከል ተገቢውን ዘመናዊ መድኃኒት ወስደው የሚያውቁት ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞሉም ነበር። ብዙዎቹ የሄዱት ወደ ዕፅ፣ ወደ ጸበልና ወደ ክታብ ነበር። በዚያ ዘመን ለአብዛኛው ገበሬ ሌላ የሚሄድበት በር አልነበረውም። ስለዚህ አንድ አባት ልጁን ክብሪት ቢያሸት በእጁ ያለውን አደረገ እንጂ ልጁን በደለ ማለት አይደለም።

ሥልጠናው የሚሰጥህ የንግግር ሥርዓት አለ። አስቀድመህ «ሲወድቅ ምን ታደርጉለታላችሁ?» ብለህ ጠይቅ፣ ሳትቆጣም ስማ። ከዚያ ክብሪቱ መንቀጥቀጡን እንደማያቆመው፣ ፊትን ሊያቃጥል እንደሚችል፣ አፍ ውስጥ ማንኪያ ማስገባት ጥርስ እንደሚሰብር ንገራቸው፤ በምትኩ በጎኑ እንዲያስተኙት፣ እሳትና ውሃ ካለበት እንዲያርቁት፣ ሰዓት እንዲይዙ አሳያቸው። በእጅህ አሳያቸው፤ በቃል ብቻ ከሆነ ይረሳል። ስለ እምነት ስትናገር «ጸበሉን ተዉ» ያልከው ቤተሰብ የሚተወው አንተን ነው። «ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብራችሁ ያዙ፤ መድኃኒቱን ግን ለአንድ ቀን አታቋርጡ» ብለህ፣ በድንገት የተቋረጠ መድኃኒት ከበፊቱ የከፋ ተከታታይ መንቀጥቀጥ እንደሚያመጣ አስረዳ። ለሙስሊም ቤተሰብ ስለ ሩቅያም (ቁርኣን እየተነበበ ስለሚደረገው ፈውስ) እንዲሁ ነው። ፌኖባርቢታል የተባለው መድኃኒት ለዚህ በሽታ መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1912 ነው፤ ዋጋው ርካሽ ነው፣ ዛሬም ይሠራል። በሽተኛዋ የመውለጃ ዕድሜ ላይ ያለች ሴት ከሆነች ግን ቫልፕሮኤት የተባለውን ሌላ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ከመጻፍህ በፊት ደግመህ አስብ፤ ጽንስን ይጎዳል።

ጅማ በዚህ ረገድ የራሷ የሆነ መልካም ልማድ አላት። የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ እ.ኤ.አ. በ1983 ከተቋቋመ ጀምሮ ተማሪውን ወደ ማኅበረሰቡ የሚያወጣ ትምህርት ይዞ ቆይቷል። አንተም በዚያው መንገድ ቤት ለቤት የዞርክ ከሆነ፣ አንድ በሽተኛ በክሊኒክ ሳለ የማይነግርህን ቤቱ ደጃፍ ላይ እንደሚነግርህ አይተሃል። ሬዚደንት ስትሆን ያንን አትርሳው።

ጥያቄ፦ ጤና ጣቢያ የምሠራ ነርስ ነኝ። የነርቭ ሕመም ያለበትን ሰው ሪፈር ስናደርግ ወረቀታችን ለሬዚደንቶቹ የሚጠቅም አይመስለኝም፤ ደግመው ከመጀመሪያ ይጠይቁታል። ምን ብንጽፍ ይሻላል? (ከአጋሮ አቅራቢያ)

መልስ፦ ሲስተር፣ ደግመው መጠየቃቸው ወረቀትዎን ንቀው አይደለም፤ ታሪክን በራሳቸው ጆሮ እንዲሰሙ ስለሚማሩ ነው። ነገር ግን በወረቀቱ ላይ ካልተጻፉ ሆስፒታል ከደረሱ በኋላ ከቶ የማይገኙ ነገሮች አሉ። በሽተኛው ለመጨረሻ ጊዜ ደኅና ሆኖ የታየበትን ሰዓት ይጻፉ፤ የተገኘበትን አላልኩም፣ ደኅና ሆኖ የታየበትን ነው። የለኩትን ስኳርና የደም ግፊት ይጻፉ፤ ስኳሩ የወረደበት ሰው አንድ ጎኑ ዝሎ ስትሮክ ሊመስል ይችላልና። የሰጡትን መድኃኒት ከመጠኑና ከሰዓቱ ጋር ይጻፉ፤ ዲያዜፓም (መንቀጥቀጥን የሚያስቆም፣ እንቅልፍም የሚያመጣ መድኃኒት) መሰጠቱን ያላወቀ ሬዚደንት የበሽተኛውን እንቅልፍ የአንጎል ጉዳት አድርጎ ሊያየው ይችላል። የበሽታ ስም መጻፍ ግዴታ የለብዎትም። «ስትሮክ» ብለው ከሚደመድሙ «ፊቱ በግራ በኩል ተጣሟል፣ ግንባሩን መሸብሸብ አቅቶታል» ቢሉ እጅግ ይጠቅማል፤ ግንባሩም አብሮ ከዛለ ሰዉ ምች መታው የሚለው የፊት ነርቭ መዛል ሊሆን ይችላልና። እርሱ ደግሞ በሦስት ቀን ውስጥ ስቴሮይድ የተባለው ብግነት የሚቀንስ መድኃኒት ከተጀመረ የመዳን ዕድሉ ሰፊ ነው።

ሌላው የምስክሩ ስልክ ቁጥር ነው። ሲወድቅ ያየው ጎረቤቱ ወይም የክፍል ጓደኛው ሆኖ ሳለ አምቡላንስ ውስጥ የሚገባው ግን ምንም ያላየ አጎቱ ነው። ባለፈው ክረምት ከአንድ ጤና ጣቢያ በመጣ ወረቀት ግርጌ አንዲት ነርስ «ያየው ሰው» ብላ ቁጥር ጽፋ ነበር። ተረኛው ሐኪም ማታውኑ ደወለ። ከወዲያ ያነሳችው የልጁ እህት ናት፤ ዕድሜዋ አሥር ዓመት ቢሆን ነው። «መጀመሪያ የቀኝ አውራ ጣቱ ብቻ ነበር የሚዘለው፤ ከዚያ ክንዱ፣ ከዚያ ነው የወደቀው» አለች። ያ አንድ ዓረፍተ ነገር መነሻው በግራው የአንጎል ክፍል መሆኑን ስለነገረን የራሱን ምስል ያለ ማመንታት አዘዝን፤ የተገኘውም እዚያው ልጅቷ ያመለከተችው ቦታ ላይ ነበር።